የሰሚ ዕዳ

ሰው ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ለሌላ ሰው ሲያሳየው እጅግ የሚያስፈራው ግጥም ነው። ሸማኔ ጥበቡን፣ አናጢ የሠራውን በር በገበያ ሲያቀርብ የሚታይበት የእጁ ሥራ ነው፤ ጉድለት ቢገኝበትም ድሩ ወይም እንጨቱ መጥፎ ነበረ ብሎ ሊያመካኝ ይችላል። ግጥም ያነበበ ሰው ግን የሚያመካኝበት ዕቃ የለውም። ያቀረበው የራሱን ቃል፣ የራሱን ስሜትና የራሱን ጆሮ ነው። ስለዚህ አንብቦ ሲጨርስ ዝም ብሎ የሰሚዎቹን ፊት ይመለከታል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ሰሚው ሳያስበው ባለ ዕዳ ይሆናል። የምናነሣውም ጥያቄ ይህ ነው፤ ግጥሙን ላካፈለን ሰው የምንከፍለው ዕዳ ምንድን ነው? ምስጋና ነውን? እውነት ነውን? ወይስ ከሁለቱም የሚቀድም ሌላ ነገር አለ?

ይህን ጥያቄ ያስነሣን መጽሐፍ ሳይሆን ራሳችን ያጠፋነው ጥፋት ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ነገሩን እንደ ሆነው እንተርካለን።

ካማሺ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካሉት ዞኖች አንዱ ነው። ከወለጋ ደጋ ወደ ዐባይ ሸለቆ በሚወርደው ምድር ላይ የሚገኝ፣ ቀርከሃ የሚበቅልበትና ማሽላ የሚዘራበት ቆላ ነው። የጉሙዝ ሕዝብ ከዐባይ ወዲያና ወዲህ፣ በመተከልና በካማሺ ይኖራል፤ በካማሺም ከኦሮሞ፣ ከአማራ፣ ከሺናሻና ከበርታ ጋራ ጎረቤት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ፣ በእናቱ ቤት ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስና ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ በአማርኛ መጻፍና መናገር ግድ ይሆንበታል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በዞኑና በአጎራባቹ የወለጋ ወረዳዎች በተነሣው ግጭትም ከልዩ ልዩ ወገን እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ እንደ ነበረ የሚዘነጋ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ዞን በሚገኝ በአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግጥማቸውን በሚያነቡበት ቀን ተጋብዘን ከሰሚዎቹ መካከል ተቀምጠን ነበር። ከሌሎቹ ቀጥሎ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ጉሙዝኛ የሆነ አንዲት ልጅ ተነሥታ አጭር ግጥም አነበበች። ነገሩ ጥለውት ስለ ሸሹት ቤት ነበር፤ በቤቱም ውስጥ ስለ ቀረው የእናቷ የእጅ ወፍጮ። በመካከል «እናቴ ሄደ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ወደ መጨረሻውም «ወፍጮው ተርቧል» የሚል። አንብባ እንደ ጨረሰች ከእኛ ጋራ ከተቀመጡት አንዱ፣ ቀና ሰው መሆኑን የምናውቀው፣ ፈጠን ብሎ «እናቴ ሄደች በይ እንጂ እናቴ ሄደ አይባልም፤ ደግሞም ወፍጮ አይራብም» አላት። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኛም ሳቁን ስንሰማ አዘንንላትና ልናጽናናት ብለን ድምፃችንን ከፍ አድርገን «እጅግ ግሩም ግጥም ነው» አልን። ጭብጨባም ሆነ፤ ልጅቱም ተቀመጠች።

ጉባኤው ተበትኖ ስንወጣ ከበሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። «መምህር፣ ግጥምሽ ግሩም ነው ብለውኛል፤ ግሩም የሆነው የትኛው ቃል ነው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ሳቁ ከመነሣቱ በፊት የሰማነውን ሁሉ ሳቁ ከኅሊናችን አጥፍቶት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከሳቁም በፊት በደንብ አልሰማንም ነበር። «ሁሉም ጥሩ ነው፤ በርቺ» ብለናት ሄድን። ፊቷን ስናይ ግን ያስቀየማት የመጀመሪያው ተናጋሪ ብቻ እንዳልነበረ ገባን።

ይህ ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እያሰላሰልነው በሄድን መጠን በሁለታችን፣ ማለት በነቃፊውና በአመስጋኙ መካከል፣ መጀመሪያ ያየነው ልዩነት እየጠፋ ሄደ። ነቃፊው ቃላቱን ሰምቶ ግጥሙን አልሰማም። እኛም ሳቁን ሰምተን ግጥሙን አልሰማንም። እርሱ በስሕተቷ ተጠመደ፤ እኛም በገዛ ርኅራኄያችን ተጠመድን። እንዲያውም የእርሱ ንግግር ከእኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ሁለት ነገር ለይቶ ነግሯታልና። አንደኛው ትክክል ነበር፤ «እናቴ ሄደ» የሚለው ለአማርኛ ሰሚ የሄደው ማን እንደ ሆነ ያደናግራል፤ ሊታረም ይገባዋል። ሁለተኛው ግን ታላቅ ስሕተት ነበር። ወፍጮ አይራብም ማለት ግጥም የሚባለውን ነገር ከሥሩ መንቀል ነው። እህል የሚያቀርብለት እጅ ያጣ ወፍጮ በባዶ ቤት ተቀምጦ ካልተራበ ሌላ ማን ይራባል? ያ ነቃፊ እርማት የሚያሻውን ቃልና አክብሮት የሚገባውን ቃል በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ድምፅ አረማቸው። እኛም በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም አመሰገንናቸው። ሁለታችንም አልለየንም።

እንግዲህ ከምስጋናና ከነቀፋ የሚቀድመው ዕዳ መስማት ነው። መስማትም ስንል ዝም ብሎ መቀመጥ ማለታችን አይደለም፤ ለይቶ መያዝ ማለታችን ነው። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች አሸዋውንና ጠጠሩን በገበቴ አድርገው በውሃ ያሽከረክሩታል። አሸዋውን ሁሉ ወርቅ ነው የሚል ሰው ለገበያ የሚያቀርበው ነገር የለውም፤ ገበቴውን ሳያይ የሚደፋም እንዲሁ ባዶ እጁን ይገባል። ወርቅ አጣቢ ጎንበስ ብሎ ይመለከታል፤ ሥራው መመልከት ነው። ግጥም ሰሚም ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

በአገራችን ይህን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ሥርዐት ያወጣለት የቅኔ ቤት ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ ስማቸው የተጠራው ጉባኤያት ለብዙ ዘመናት ያስተማሩት ቅኔ መቀኘትን ብቻ ሳይሆን ቅኔ መስማትንም ነው። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከጫካ ጥግ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውንም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ሰምቶ አገባቡ የተሰበረውን፣ ቤቱ ያልመታውን፣ ዜማው የጎደለውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን እያንዳንዱን ለይቶ ያቃናለታል። ያማረ እንደ ሆነም ሰሚው «ይበል!» ይላል። ይህች አንዲት ቃል ርካሽ አይደለችም፤ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ያልሰማ ሰው በምኑ ላይ «ይበል» እንዳለ ቢጠየቅ ያፍራልና።

ከዚህ የቅኔ ቤት ልማድ አንድ ታላቅ ነገር እናስተውላለን፤ ለካማሺዋ ልጅም ጉዳይ ዋነኛው ይህ ነው። ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪ የሚቆጥረው በግዕዝ ነው። ግዕዝ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት ስላለፉ፣ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱም ግዕዝን ከእናቱ አልተማረውም። ሁሉም ግስ እያጠኑ፣ አገባብ እየለቀሙ፣ ወንዴውንና ሴቴውን እያምታቱ፣ እየታረሙ የገቡበት ነው። ይህ ከሆነ ዘንድ የከበረው የቅኔ ሀብታችን በሙሉ በተማሩት ቋንቋ የተቀኙ ሰዎች ሥራ ነው ማለት ነው። ታዲያ የዚህ ሀብት ወራሾች የሆንን ሰዎች በተማረችው አማርኛ ግጥም የጻፈችውን የጉሙዝ ልጅ በወንዴና በሴቴ አነጋገር ስሕተት ብንስቅባት፣ የሳቅነው በገዛ ሊቃውንታችን የተማሪነት ዘመን ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የቅኔን ቤት ስናመሰግን እንከን የሌለበት አድርገን መሣል አይገባንም። በአብዛኛው የወንዶች ጉባኤ ሆኖ ኖሯል፤ በጎጃም ዐይነ ስውር ሆነው ቅኔን ተምረው ለብዙ ወንዶች ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ዕውቀታቸው ስለ ደነቀ ብቻ አይደለም፤ እንደ እርሳቸው ያሉ ሴቶች ጥቂት ስለ ነበሩም ጭምር ነው። ደግሞም የቅኔው መምህር የሚያርመው ሊታረም ወድዶ የመጣውን፣ ስንቁን ባኮፋዳው ለምኖ እየበላ በደጁ የተቀመጠውን ተማሪ ነው። በአደባባይ ግጥሙን ያነበበ ሰው ግን ሁልጊዜ «አርሙኝ» ማለቱ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ «ስሙኝ» ብቻ ማለቱ ነው። ስለዚህ ሰሚው ከሚናገረው ነገር በፊት ቦታውንና ጊዜውን መለየት ይገባዋል። ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ልባም ወዳጅ የሚያስለቅሰው በጓዳ ነው እንጂ በአደባባይ አይደለም።

ሌላም መለየት ያለብን ነገር አለ፤ ይኸውም የግጥሙ አሠራርና የግጥሙ ጉዳይ ነው። በቀድሞው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን ግጥማቸውን ያነቡ እንደ ነበረ የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ያወሳል። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደኃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ባሰማ ጊዜ የተነሣው ክርክር ስለ ቤት አመታቱ አልነበረም፤ ደኃው መናገር ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ክርክር ነውር የለበትም። ነውሩ የማንወደውን ጉዳይ ስንሰማ ግጥሙ ደካማ ነው፣ የምንወደውን ስንሰማ ደግሞ ግጥሙ ብርቱ ነው ብለን ሚዛኑን ስናምታታ ነው። ከተናገረው ነገር ጋራ የማይስማማ ሰው «በነገሩ አልስማማም፤ አነጋገርህ ግን ልብ ያሳምማል» ለማለት ቢደፍር፣ ያ ሰው በእውነት ሰምቷል።

ሦስተኛው የሚያሳስተን ነገር አሮጌ ሚዛን ለአዲስ ነገር ማንሣት ነው። ከካማሺ ጋራ በምትዋሰነው በወለጋ የተወለደው ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተባለውን መድበል ባወጣ ጊዜ፣ የተለመደውን የቤትና የምጣኔ አካሄድ የለቀቀ ግጥም በመሆኑ ወዳጅም ነቃፊም አግኝቶ ነበር። ዛሬ ስለ አማርኛ ግጥም አዲስ አካሄድ ሲነገር ያ መጽሐፍ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይህን የምናነሣው አዲስ ነገር ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም፤ እንግዳ አነጋገር ስንሰማ «ስሕተት ነው» ከማለታችን በፊት «ምናልባት ያልለመድነው ይሆንን?» ብለን ራሳችንን እንድንጠይቅ ነው። «ወፍጮው ተርቧል» የሚለው ቃል በጆሯችን እንግዳ የሆነው ስሕተት ስለ ሆነ ሳይሆን፣ እኛ ከዚያ በፊት ወፍጮን በዚያች ልጅ ዐይን ስላላየነው ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ብንመለከትም ነገሩ ያው ነው። እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ጆን ኪትስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1818 «ኢንዲሚየን» የተባለ ረጅም ግጥሙን ባሳተመ ጊዜ፣ በመድኃኒት ቅመማ የሠለጠነ ወጣት ስለ ነበረ፣ አንድ መጽሔት ግጥሙን ትቶ ወደ መድኃኒት ቤቱ እንዲመለስ በመንገር ተዘባበተበት። በ1821 በሮማ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ዕድሜው ገና 25 ዓመት ነበረ፤ የገደለው ነቀፋው ነው ብለው የጻፉም ነበሩ። ነገር ግን ኪትስ ራሱ የግጥሙን ጉድለት ከነቃፊዎቹ አስቀድሞ በመቅድሙ ጽፎት ነበር። መዘባበቻው የነገረው አዲስ ነገር አልነበረም፤ የሚያውቀውን ቁስል መውጋት ብቻ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1922 ያሳተመውን «ጠፍ መሬት» የተባለ ግጥም ገና ሳይታተም ወዳጁ ኤዝራ ፓውንድ አንብቦ እጅግ ብዙ ስንኞች ሰርዞበታል፤ ግጥሙም ወደ ግማሽ ገደማ አጠረ። ኤልየትም አልተቀየመም፤ እንዲያውም ፓውንድ ከእርሱ የበለጠ ባለ ሙያ መሆኑን መስክሮ መታሰቢያነቱን ለእርሱ አደረገ። ሁለቱም የደረሰባቸው ብርቱ ነቀፋ ነው። አንዱን አቁስሎ ሌላውን ያስመሰገነው ምንድን ነው ቢባል፣ የመጽሔቱ ሰው የተመለከተው ገጣሚውን ሲሆን ፓውንድ የተመለከተው ግጥሙን ነው። ከሰረዘም በኋላ ግጥሙን ለባለቤቱ መለሰለት፤ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይሰረዝ ብሎ የቈረጠው ኤልየት ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። የመጀመሪያው፣ «ጀማሪ እንደ ችግኝ ነው፤ እውነት የተባለ ፀሐይ ቢበዛበት ይደርቃል፤ ስለዚህ ምስጋና ይበቃዋል» የሚል ነው። ይህ ደግ ሐሳብ ነው፤ ዳሩ ግን እኛ በካማሺ የሠራነው ይህንኑ ነበርና ፍሬውን አይተነዋል። ያልሰሙትን ማመስገን ችግኙን ከፀሐይ መከለል ብቻ ሳይሆን ከውሃም መከልከል ነው። «ሁሉም ጥሩ ነው» የተባለ ሰው ነገ የሚሠራው ሥራ የለውም። ከዚህም የከፋው፣ ሰውን ሁሉ በእኩል የሚያመሰግን ሰው በልቡ የሚለው «ከአንተ የምንጠብቀው ነገር የለም» ነው። ንቀት አንዳንድ ጊዜ የርኅራኄ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ልጅቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ የጠበቀችን ይህን ልብስ ገልጣ ለማየት ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ግጥም የልብ ነገር ነው፤ በሰው ኀዘን ላይ ዳኛ ያደረጋችሁ ማን ነው?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በኀዘኗ ላይ ዳኛ አይደለንም። ነገር ግን ኀዘኗን በቃል አድርጋ ስታነብልን ወደዚያ ቤት የሚወስድ መንገድ ቀይሳልናለች። መንገዱ የሚያደናቅፍ ቢሆን የተደናቀፍንበትን ቦታ ልንነግራት ይገባል፤ ቤቱን ካየነውም እንዳየነው ልንነግራት ይገባል። ይህ ዳኝነት ሳይሆን ምስክርነት ነው። ሰሚ «ግጥምሽ መጥፎ ነው» ወይም «መልካም ነው» ብሎ ሲፈርድ ከራሱ በላይ ይናገራል፤ «እዚህ ላይ ማን እንደ ሄደ ጠፋብን፣ እዚህ ላይ ግን ወፍጮውን በዐይናችን አየነው» ሲል ግን የሚያውቀውን ብቻ ይናገራል። ምስክር ያየውን ለይቶ ይናገራል፤ ያላየውን አይጨምርም።

ይህ ነገር ለግጥም ብቻ የተወሰነ እንዳይመስለን። የተማሪዎቹን ደብተር ሳያነብ ከሥሩ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚፈርም መምህር፣ የባለጉዳዩን ማመልከቻ ሳይመረምር «እናየዋለን» ብሎ የሚሸኝ ሹም፣ የጓደኛውን ጽሑፍ ላለማስቀየም ብሎ የሚያወድስ ተማሪ፣ ሁሉም እኛ በዚያ ቀን ያደረግነውን ያደርጋሉ። እንደዚሁም ማመልከቻው በሰዋስው ስለ ተሳሳተ በውስጡ ያለውን በደል ሳያይ የሚመልስ ጸሓፊ የዚያ ነቃፊ ወንድም ነው። ልዩ ልዩ ቋንቋ በሚነገርበት አገር አንዱ በሌላው ቋንቋ አቤት የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። አቤቱታውን የሰማ ሰው ቃሉን ማቃናትና ነገሩን መስማት ሁለት ሥራ መሆናቸውን ካላወቀ፣ ቋንቋው የፍርድ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የፍርድ መሰናክል ይሆናል።

እንግዲህ ዕዳውን ስንቈጥረው ሦስት ሆኖ እናገኘዋለን። መጀመሪያ፣ ምን እንደምንመልስ ሳናሰላ እስከ መጨረሻው መስማት፤ ሁለተኛ፣ ብናመሰግንም ብንነቅፍም የትኛው ቃል እንደ ሆነ በጣታችን ነክተን ማሳየት፤ ሦስተኛ፣ ተናግረን ከጨረስን በኋላ ግጥሙን ለባለቤቱ መመለስ። ግጥሙን ያካፈለም ሰው በበኩሉ ድርሻ አለው፤ ምስጋና ሲሰጠው «የትኛው ቃል?» ብሎ የመጠየቅ ድፍረት ያስፈልገዋል። ያን ድፍረት ከዚያች የካማሺ ልጅ በቀር ከብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ አላገኘነውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቱን አላገኘናትም። ዛሬ በየትኛው ክፍል እንዳለች፣ ግጥም መጻፏንም እንደ ቀጠለች አናውቅም። ዕዳ ግን ባለ ዕዳው ሲያስታውሰው አይሰረዝም፤ ይህ መጽሔት በየትምህርት ቤቱ ስለሚደርስ፣ ምናልባት ከእጇ ቢገባ ብለን በደጃፉ ላይ ያልመለስነውን መልስ በዚህ እንጽፈዋለን። «እናቴ ሄደ» የሚለውን «እናቴ ሄደች» ብለሽ አቃኚው፤ በዚያ ጓደኛችን ትክክል ነበር። ወፍጮው ግን ተርቧል። ግሩም የሆነው ቃል እርሱ ነው፤ አትለውጪው።